ባሌ ሰው ፊት ሌላ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነው፤ «ጸልዪ» ብቻ እየተባልኩ ደከመኝ

ደጋግሜ_ልጠይቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአካል የማውቀው ሰው ሁሉ ባሌንም ያውቀዋል፣ ሁሉም ደግሞ ይወደዋል፣ ስለዚ ስሜን ሳልናገር እዚ ብጽፍ ይሻለኛል ብዬ ነው። ባሌ አገልጋይ ነው። ያስተምራል፣ ሰው ሲታመም ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ይሄዳል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሳይቀር ያስታርቃል (ይሄን ስጽፍ ሳቅ ያዘኝ)። ቤት ግን አያናግረኝም። ተጣልተን ተኮራርፈን ማለቴ አይደለም፣ አንድ ነገር ካልጣመው በቃ ዝም ይላል፣ ዝምታው ሳምንት ሊቆይ ይችላል ከዛም በላይ፣ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ይቅርታዬን የሚቀበለው ደግሞ ጥቅስ ጠቅሶ ነው። ገንዘባችን የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ስጠይቅ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ይላል። የማወራው ሰው፣ የምለብሰው፣ የምስቀው ሳቅ ሁሉ ኮሜንት አለበት። ሰው ፊት ግን «የኔ እመቤት» ነው የምባለው።

እኔ ያደረኩት መጸለይ ነው። ጾሜአለሁ፣ ሌሊት እየተነሳሁ አልቅሻለሁ፣ የጸሎት ፕሮግራም የተባለ ሁሉ አልቀረኝም። ለሁለት ሰው ነግሬ ነበር መልሳቸው አንድ ነው፦ ጸልዪ፣ ታገሺ፣ እግዚአብሔር ልቡን ይለውጣል። እሺ ካልለወጠስ? እምነቴ አንሶ ነው? እሱም እኮ ይጸልያል፣ ምናልባት እኔ እንድለወጥ እየጸለየ ይሆናል፣ ታዲያ እግዚአብሔር ማንን ይስማ? አሁን አሁን ስንበረከክ ቃል አይመጣልኝም፣ የሚመጣው ንዴት ብቻ ነው። ፍቺ አላሰብኩም፣ እንዲህ ሆኜ መኖር ደግሞ አልቻልኩም። በዚ ያለፈ ሰው ካለ እምነቱ በተጨባጭ ምን አደረገለት? «ጸልዪ» ከማለት ውጪ ያለውን ንገሩኝ እባካችሁ።

ኤፌሶን5፦
እህቴ ጌታ ያጽናሽ። የምልሽ ግን ላይጥምሽ ይችላል። ባልሽ ጠላትሽ አይደለም፣ ጠላት ትዳርን ነው የሚዋጋው፣ ያውም የአገልጋይ ትዳር ሲሆን ውጊያው ይከብዳል። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥1 ሚስቶች ያለ ቃል በኑሯቸው ባሎቻቸውን እንደሚማርኩ ነው የሚለው። ያለ ቃል! አሁን አንቺ የቤትሽን ገበና እያወጣሽ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነውን የአውግስጢኖስን እናት ቅድስት ሞኒካን አስቢ፣ ባሏ ቁጡ ነበር፣ ሌላ ሴት ጋር ይሄድ ነበር፣ ክርስቲያንም አልነበረም፣ እሷ ግን ቻለችው፣ ታገሰችው፣ በመጨረሻ እድሜው አምኖ ተጠመቀ። ያንቺ ባል እኮ ቢያንስ አማኝ ነው። መታገስ ነው ሌላ መንገድ የለም።

የደከመች፦
ወይኔ እህቴ የኔን ታሪክ ነው የጻፍሽው። ለኔም የተነገረኝ ጸልዪ ነው። መልሱን እየተከታተልኩ ነው።

የንባብ_ሰው፦
ኤፌሶን5 ወንድሜ፣ ሞኒካን ካነሳህ ታሪኳን ሙሉውን እናንሳው። የምናውቀው ልጇ በኑዛዜው 9ኛ መጽሐፍ ላይ ከጻፈው ነው። ባሏ ፓትሪክዮስ ሲቆጣ አትመልስለትም ነበር፣ እውነት ነው፣ ግን አውግስጢኖስ እዛ ላይ አያቆምም፣ ቁጣው ሲበርድለትና አመቺ ጊዜ ስታገኝ ያደረገችውን ነገር ለምን እንዳደረገች ታስረዳው ነበር ነው የሚለው። ጊዜ ትመርጥ ነበር እንጂ እድሜ ልኳን ዝም አላለችም። ሌላው ሁሌ የሚዘለለው ነገር፣ የሰፈሯ ሴቶች ፊታቸው ላይ የዱላ ምልክት ይዘው ሲመጡ ይገርማቸው የነበረው ያ ሁሉ ቁጣ ያለው ሰው እሷን መቶ አለማወቁ ነው። እና ይሄን ታሪክ «ቢመታሽም ቻዪው» ለማለት የሚያነሳ ሰው አላነበበውም ማለት ነው (አንተ እንደዛ አላልክም፣ የሚሉ ግን ሞልተዋል)።

ጴጥሮስም እንደዛው። ቁጥር 1 ላይ ያሉት ለቃሉ የማይታዘዙ ባሎች ናቸው፣ የሷ ባል ደግሞ ቃሉን አስተማሪ ነው። እሱን የሚመለከተው ቁጥር 7 ነው፣ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ይላል፣ ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል። እህቴ «እግዚአብሔር ማንን ይስማ» ብለሽ ጠይቀሽ አልነበር? ሚስቱን የሚያዋርድ ሰው ጸሎቱ እንደሚታገድ እዛው ተጽፏል። ሚልክያስ 2፥13 እና 14ንም አንብቢ፣ ሰዎቹ መሠዊያውን በእንባ እየሞሉ እግዚአብሔር መባቸውን አይቀበልም፣ ለምን ሲሉት በአንተና በልጅነት ሚስትህ መካከል ምስክር ነኝ፣ አታለልካት ይላል። ስለዚ ያንቺ ጸሎት ያልተመለሰው እሱ ቀድሞሽ ስለተሰማ ነው ብለሽ እንዳትፈሪ።

ተጠራጣሪው፦
እኔ አማኝ አይደለሁም እና ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ ጥቅስ ለምን አስፈለገ? ሰውየው አያከብርሽም፣ ውጪ። አለቀ።

ባል_ነኝ፦
አለቀ ማለት ለማያገባው ቀላል ነው ወንድሜ፣ እሷ ፍቺ አላሰብኩም ብላለች።

እኔ ከሌላ በኩል ልናገር፣ ሊከፋሽ ይችላል። እኛ ቤት ዝም የምትለው ሚስቴ ነበረች። ዝም ብቻ ሳይሆን በጣም መንፈሳዊ ሆነች፣ ጾም ስትጨርስ ሌላ ጾም ትጀምራለች፣ ማታ የጸሎት ፕሮግራም፣ ቅዳሜ ፕሮግራም፣ ቤት ስትመጣ ጆሮዋ ላይ መዝሙር። የሚያነጋግረኝ የለም። ምን ሆንሽ ስላት «እየጸለይኩልህ ነው» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ያንን ስሰማ «ክስህን ለበላይ አቅርቤአለሁ» እንዳለችኝ ነው የሚሰማኝ። ምን እንዳደረኩ እኮ ለእግዚአብሔር ነግራዋለች፣ ለኔ ግን አልነገረችኝም! ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ላይ ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው እንኳን ሲለያዩ ተስማምተው፣ ለጊዜው፣ ከዛም ተመልሰው አንድ ላይ እንዲሆኑ ነው የሚለው። ይሄን ጥቅስ ያሳዩን መካሪያችን ናቸው፣ ሁለታችንም ብዙ ጊዜ አንብበነዋል ግን አይተነው አናውቅም።

ያንቺ ባል ጉዳይ ከዚ ይለያል ይመስለኛል፣ ገንዘብ መደበቁ ምናምን ሌላ ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ለእግዚአብሔር የነገርሽውን ያህል ለሱ ነግረሽዋል? በጥቅስ ሳይሆን፣ በእንባ ሳይሆን፣ «ሳምንት ሙሉ ስታኮርፈኝ እንዲህ እሆናለሁ፣ ከዚ በኋላ እንዲህ መቀጠል አልችልም» ብለሽ?

ደጋግሜ_ልጠይቅ፦
ባል_ነኝ አልከፋኝም፣ ትንሽ ብቻ 😅። ነግሬዋለሁ ግን እንዳልከው አይደለም፣ ተጠንቅቄ ዙሪያውን ነው የምሄደው ምክንያቱም ፊት ለፊት ከነገርኩት ዝምታው ይረዝማል። አንዴ በደብዳቤ ጽፌለት ነበር፣ አነበበው፣ ሆሄ አርሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተነጋገርንም። የንባብ_ሰው የሚልክያስን አንብቤው አለቀስኩ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ሁሌ «መፋታትን እጠላለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ከፊቱ ያለውን ማንም አላነበበልኝም።

እናት_ነኝ፦
ልጄ እኔ በእድሜ ገፍቻለሁ፣ እዚ ላይ መጻፍም ልጆቼ ናቸው ያስተማሩኝ ስለዚ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ። እምነቱ ምን አደረገለት ላልሽው ልመልስልሽ። ባሌ አልተለወጠም። ቶሎ ልንገርሽ ብዬ ነው፣ ሁሉም ምስክርነት «ከዛ ጌታ ልቡን ለወጠው» እያለ ስለሚያልቅ የኛ አይነቶቹ አፍረን ዝም እንላለን። ጸለይኩ፣ ታገስኩ፣ ሳይለወጥ ሞተ። ታዲያ ጸሎቱ ከንቱ ነበር ወይ? አልነበረም። በየቀኑ «አንቺ ምንም አታውቂም» እየተባልኩ በመጨረሻ አምኜው ነበር፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ፊቱን ነበር የማየው። የተለየ ነገር የምሰማው ጸሎት ላይ ብቻ ነበር። እዛ ሞኝ ተብዬ አላውቅም። እዚች ቦታ ላይ ሰው ነኝ የምትይበት አንድ ቦታ ካለሽ እሷን ይዘሽ ብዙ መንገድ ትሄጃለሽ፣ እኔ እሷን ይዤ ነው ተምሬ ስራ የያዝኩት፣ ልጆቼንም ያሳደኩት።

ንዴት ነው የሚመጣልኝ ያልሽው ደግሞ አያስፈራሽ። ቃል ከጠፋብሽ የዳዊትን ተዋሺ። መዝሙር 55ን አንብቢ (እኛ በምንደግመው ዳዊት 54 ነው)፣ የሰደበኝ ጠላት ቢሆን በታገስኩ ነበር፣ አንተ ግን አብረን በእግዚአብሔር ቤት የሄድን ወዳጄ ነህ የሚል አለ። አብረው ቤተ እግዚአብሔር የሄዱ! ላንቺ የተጻፈ አይመስልሽም? ያ ሰው እዛው መዝሙር ላይ እንደ ርግብ ክንፍ ቢኖረኝ በርሬ በሄድኩ ይላል፣ ጠላቶቹንም ይረግማል፣ እግዚአብሔር አፍህን ዝጋ አላለውም፣ ይኸው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ሐናም ምርር ብላ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነው የገሰጻት። ካህኑ ተሳሳተ እግዚአብሔር ግን ሰማት። «ጸልዪና ዝም በይ» የሚሉሽ ሁለቱን ነገር ቀላቅለውብሻል ልጄ፣ ሐና ለዔሊ አይደለም ጌታዬ አልሰከርኩም ብላ መልስ ሰጥታዋለች።

አማካሪዋ፦
ስራዬ ትዳር ማማከር ነው፣ አማኝም ነኝ። ምክር ከመስጠቴ በፊት መጠየቅ ያለብኝን ልጠይቅ፣ እዚ መመለስ ካልፈለግሽ ለራስሽ መልሺው። ትፈሪዋለሽ? መቶሽ ያውቃል፣ ወይም ገፍትሮሽ፣ ዕቃ ሰብሮ፣ በር ዘግቶ እንዳትወጪ ከልክሎ? ስልክሽን ያያል? ከዘመድ ከጓደኛ ጋር መገናኘት ከብዶሻል? ይሄን የምጠይቀው ባል_ነኝ የሰጠው ምክር፣ ማለትም ፊት ለፊት ተናገሪ የሚለው፣ ለአንዳንድ ቤት መድኃኒት ሆኖ ለሌላ ቤት አደገኛ ስለሚሆን ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ማማከርም እንደዛው ነው፣ አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ቤት ሲሆን መጀመሪያ አንድ ላይ አናስቀምጥም፣ ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ የተናገረችው ነገር ቤት ስትገባ ዋጋ ያስከፍላታል።

ደጋግሜ_ልጠይቅ፦
አይመታኝም። ብዬ ጽፌ ደግሞ አጠፋሁት፣ ከዛ ደግሞ ጻፍኩት። አይመታኝም፣ ግን በቅርቡ ከእህቴ ጋር እያወራሁ ስልኩን ከእጄ ቀምቶ ግድግዳ ላይ ወረወረው፣ ከዛ በሩ ላይ ቆመ፣ ልውጣ ስል አልተንቀሳቀሰም። ምንም አላለም። ብዙ ቆይቶ ለቀቀኝ። በነጋታው ለባል መገዛት የሚል ትምህርት ላከልኝ፣ የራሱን ትምህርት። እኔ ይሄን ከጥቃት አልቆጥረውም ነበር ስላልነካኝ። ትፈሪዋለሽ ላልሽኝ፣ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲገባ ስሰማ ሆዴ ይጨመቃል። ያ ፍርሃት ከሆነ አዎ። እህቴ ጋር እንኳን አሁን የምናወራው እሱ በሌለበት ነው። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አማካሪዋ፦
ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። አዎ ፍርሃት ነው፣ ያ ነገርም «ምንም» አይደለም፣ መንገድ ዘግቶ መቆም እጅ ባያርፍብሽም ጥቃት ነው። ስለዚ የምልሽ ተቀይሯል። አሁን ለሱ ፊት ለፊት የምትናገሪበት ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ብቻሽን፣ እሱን ከማያውቅ፣ ስራዬ ብሎ ከሚሰራ ሰው ጋር ተገናኚ። ይሄን የምታወሪበት ስልክ እሱ የማይከፍተው ይሁን፣ የይለፍ ቃልሽንም ቀይሪ። መታወቂያሽ፣ የትምህርትና የባንክ ወረቀትሽ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ እህትሽ ጋር ወይም ሌላ የምታምኚው ሰው ጋር ይቀመጥ። ከእህትሽ ጋር አንድ ቃል ተስማሙ፣ ያን ቃል ከላክሽላት ሳትጠይቅ ትመጣለች። ይሄን ሁሉ ለሱ አትነግሪውም፣ መደበቅ ኃጢአት ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። በሩን ዘግቶ ቆሞ መውጣት ከከለከለሽ ወይም ከዛ ከባሰ ፖሊስ መጥራት እምነት ማጣት አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን በተመለከተ፣ ማሳወቁ አንድ ቀን ያስፈልጋል ምክንያቱም ሰው እያስተማረ ነው። ግን ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን «ብቻህን ሄደህ ውቀሰው» የሚለውን ደረጃ እንደ ሕግ ይዘሽ ከምትፈሪው ሰው ጋር ብቻሽን አትግቢ። ስትሄጂም ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ የሱ የቅርብ ጓደኛ ያልሆነ ሽማግሌ ምረጪ፣ ቀንና የሆነውን ነገር ጽፈሽ ያዢ።

ኤፌሶን5፦
ይቅርታ ግን ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው? ስልክ ተሰበረ ተብሎ ፖሊስ? እኔ ስልክ መስበሩን አልደግፍም። ግን እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው ነው የተባለው (ማቴዎስ 19፥6)። አንዴ ከቤት የወጣች ሴት ስትመለስ አላየሁም። ሆሴዕ እኮ አመንዝራ ሚስቱን በአስራ አምስት ብርና በገብስ ገዝቶ ነው የመለሳት፣ ፍቅር ማለት ያ ነው፣ መሸከም።

እናት_ነኝ፦
ልጄ ኤፌሶን5፣ ሆሴዕ ባል ነው። የተበደለውም የታገሰውም ከፍሎ የመለሰውም ባልየው ነው። ይሄን ታሪክ ለባሎች ስትሰብኩት ሰምቼ አላውቅም፣ ሁሌ ለሚስቶች ነው የምታነቡት፣ ለምን ይሆን? ለሚስት ታሪክ ከፈለግህ አቢግያ አለችልህ። ባሏ ናባል በክፉ አፉ ቤቱን ሁሉ ሊያስጨርስ ነበር፣ ዳዊት ሰይፍ ታጥቆ እየመጣ። እሷ ታዲያ ጓዳ ገብታ ስትጸልይ አልቆየችም፣ ስንቅ አስጭና ወጣች፣ ለባልዋ ግን አልነገረችም ይላል በግልጽ። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ አእምሮ ያላት ሴት ነው ያላት፣ ያልተገዛች አላላትም። የነገረችውም በነጋታው ስካሩ ሲበርድለት ነው።

የንባብ_ሰው፦
እማማ ጨረሱት 👏 እኔ ትንሽ ልጨምር። ኤፌሶን5 ስምህን ያወጣህበት ምዕራፍ ላይ ቁጥር 22 ሚስቶች ተገዙ ከማለቱ በፊት ቁጥር 21 እርስ በርሳችሁ ተገዙ ይላል። ለባል ደግሞ ቁጥር 25 ላይ ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ውደድ ነው፣ ግዛት አላለውም፣ «ሚስትህን አስገዛት» የሚል ትእዛዝ በሙሉ ምዕራፉ ውስጥ የለም።

እህቴ ፍቺ አላሰብኩም፣ እንዲህ መኖርም አልቻልኩም ላልሽው፣ በሁለቱ መሀል ሌላ መንገድ አለ። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ላይ ሚስት ከባሏ አትለይ ካለ በኋላ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 11 አንብቡ፣ ብትለይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ከባሏ ትታረቅ ይላል። ማለትም መለየት የሚባል ነገር እንዳለ ያውቃል፣ መልሳችሁ አስገቧት አላለም። ዮሐንስ አፈ ወርቅም፣ ያው በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሰው ነው፣ የመጀመሪያውን ቆሮንቶስ ሲተረጉም 26ኛው ድርሳን ላይ ሚስቱን የሚመታን ባል እንዴት እንዳደረገው ብታዩ፣ ገረድን መምታት እንኳን ለነጻ ሰው ነውር ሆኖ ሳለ ሚስቱን የሚመታው ሰው ሳይሆን አውሬ ሊባል ይገባዋል ብሎ ያወግዛል፣ ያላመኑት የአሕዛብ ሕግ አውጪዎች እንኳ እንዲህ አይነት ሰው ጋር ኑሪ ብለው ሴቲቱን አያስገድዷትም ብሎ ያሳፍራቸዋል። ስለዚ ይሄ የዘመናችን ሰዎች ያመጡት አዲስ ፈሊጥ አይደለም።

እምነቴ ስላነሰ ነው ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ጆን ዌስሊን ታውቂዋለሽ? የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ፣ ስንት ሺህ ሰው የሰበከ። በ1751 አገባ፣ ትዳሩ ክፉኛ ተበላሸ፣ ሚስቱ ተለይታው ሄደች፣ በ1781 ስትሞትም የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነው። ማን አጠፋ የሚለው ብዙ ተጽፎበታል እዛ አልገባም። ግን የአገልግሎት ብርታትና የትዳር ጤና አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ያንቺ ትዳር መታመሙ የእምነትሽ የፈተና ውጤት አይደለም፣ የሱ ስብከት ማማሩም የቤቱ ማስረጃ አይደለም።

የደከመች፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይቅር ካልኩት ደግሜ ማመን ግዴታዬ ነው? እኔ ይቅር ብዬዋለሁ ግን አላምነውም፣ እሱ ደግሞ «ካላመንሽኝ ይቅር አላልሽም» ይለኛል።

ባል_ነኝ፦
አይደለም። ይቅርታ ባንቺ እጅ ነው፣ እሱ ሳይጠይቅሽም ልትሰጪው ትችያለሽ። መታመን ግን በሱ እጅ ነው፣ ሰርቶ ያመጣዋል። እኛ ቤት ይሄ ሁለት ዓመት ወስዷል፣ ያውም ማንም ማንንም ሳይፈራ። ሌላ የረዳን ነገር፣ አንድ ላይ ስንጸልይ አንዳችን በሌላው ላይ ላለመጸለይ ተስማማን። ታውቁታላችሁ አይደል፣ «ጌታ ሆይ ባለቤቴ ንግግሩን እንዲቆጥብ እርዳው» ትላለች፣ እኔ ደግሞ «አሜን፣ እሷንም ልብ ስጣት» እላለሁ 😂 ጸሎት ሳይሆን ንትርክ ነው ዓይናችንን ጨፍነን። አሁን እያንዳንዳችን ስለራሳችን ብቻ ነው የምንለምነው፣ ሌላው ይሰማል። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያና ሣራ በሰርጋቸው ሌሊት ተነስተው አብረው እንደጸለዩት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ እኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው።

ደጋግሜ_ልጠይቅ፦
ጠፍቼ ነበር ይቅርታ። አንብባችሁ ስለጸለያችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ነገር ሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አማካሪዋ እንዳለችው ብቻዬን ከአንዲት ባለሙያ ጋር ተገናኘሁ፣ እምነቴን አላጣጣለችብኝም፣ ፈርቼ የነበረው እንዳታጣጥልብኝ ነበር። ከዛ እህቴ ጋር ሄድኩ፣ አሁንም እዛው ነኝ። ለሱ የነገርኩት ከወጣሁ በኋላ በቴክስት ነው፣ ደህና መሆኔን፣ ለጊዜው መሆኑን፣ ሽማግሌዎቹን ራሴ እንደማነጋግር። ሁለት ሽማግሌዎችን ከእህቴ ጋር ሆኜ አገኘኋቸው። አንደኛው «አንቺስ ምን አድርገሽው ነው» አለኝ። ሌላኛው ዝም ብሎ ሰምቶ ጽፎ ያዘ፣ ሚስቱንም እንድታናግረኝ አደረገ፣ ባሌን ለጊዜው ከማስተማር እንዲያርፍ እንደሚጠይቁት ነገረኝ። እንደሚያደርጉት አላውቅም።

እሱ በመጀመሪያው ሰሞን ጥቅስ ብቻ ነበር የሚልከው። አሁን ግን ደውሎ አለቀሰ፣ «ጌታ ነክቶኛል፣ ተለውጫለሁ፣ ነይ ቤትሽ» ይላል። እኔ ደግሞ የጸለይኩት ይሄንኑ አልነበር? ጸሎቴ ሲመለስ በሩን የምዘጋው እኔ ልሁን እንዴ? እዚ ላይ ነው የተጨነቅኩት።

አማካሪዋ፦
ጸሎትሽ ተመልሶ ከሆነ ብትቆይም አይጠፋም። እውነተኛ ንስሐ የጊዜ ገደብ አይሰጥሽም። ዘኬዎስ እኮ ያታለልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው፣ ተለውጫለሁ ብሎ ብቻ አላለፈም። ስለዚ እንባውን አትመርምሪ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። የምትጠይቂው የሚታይ ነገር ነው፦ የገንዘቡን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ያሳይሽ፣ ብቻውን ከባለሙያ ጋር ይጀምር፣ ስልኩንና በሩን በተመለከተ ለሽማግሌዎቹ ራሱ ሄዶ ይናገር፣ አንቺ ተናግረሽ እሱ «አዎ» የሚልበት ሳይሆን። ይሄን ስትጠይቂው የሚመልስልሽን ደግሞ አስተውዪ። ተቆጥቶ «አሁንም አታምኚኝም» ካለ የድሮው ዓረፍተ ነገር ነው።

ኤፌሶን5፦
በመለየቱ አሁንም አልስማማም፣ አልዋሽም። ግን ስለ ስልኩ ቀለል አድርጌ የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ሁለታችሁንም በጸሎት እያሰብኩ ነው። ወደሱ የምትመለሺበት ቀን እንዲመጣ እየጸለይሽ ነው ወይስ ተውሽው?

ደጋግሜ_ልጠይቅ፦
ኤፌሶን5 እየጸለይኩለት ነው። ግን በፊት «ለውጠውና ቤቴ ልኑር» ነበር፣ አሁን እሱ ቢለወጥም ባይለወጥም የምኖረውን ኑሮ አሳየኝ ነው የምለው፣ ሲደክመኝ ደግሞ እማማ የነገሩኝን ዳዊት 54ን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እህቴ ከወዲያ ክፍል «አሜን» ትላለች። የአማካሪዋን ሶስቱንም ነገር ትናንት ማታ ጽፌ ላኩለት። አይቶታል። እስካሁን አልመለሰም፣ ሲመልስ እዚው እጽፋለሁ። የደከመች አንቺ ግን የት ነሽ ጠፋሽ እኮ፣ በግል ጻፊልኝ።